በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት

ለዚህ እትም ስለ ፊደል ልምምድ እንድጽፍ ነበር የተጠየቅኩት። ልጽፍ ስቀመጥ ግን የመጣልኝ ስለ ቤት ኪራይ ነው። መጨረሻ ላይ ወደ ፊደሉ እመለሳለሁና ትንሽ ታገሡኝ። የምነግራችሁ የአንድ ተማሪዬንና የእናቱን ታሪክ ነው። እናቱ «ለሌላ ሰው የሚጠቅም ከሆነ ጻፊው፤ ስማችንን ብቻ እንዳታነሺ» ስላለችኝ ነው የምጽፈው።

እኔ የማስተምራቸው ልጆች ከስምንት እስከ አስር ዓመት የሆናቸው ናቸው። አንድ ቅዳሜ «ቤቴ» በሚል ርእስ አምስት አምስት ዓረፍተ ነገር እንዲጽፉ ሰጠኋቸው። ቀላል ነው ብዬ ነበር። «ቤቴ ትልቅ ነው»፣ «ቤቴ ውስጥ ድመት አለ»፣ «ቤቴ ውስጥ ወንድሜ ይጮሃል» እያሉ ጻፉ፤ ሳቅን። አንዱ ልጅ ግን ሃያ ደቂቃ ሙሉ ተቀምጦ አንድ መስመር ብቻ ነበር የጻፈው። «እኛ ቤት የለንም።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ አልደነገጥኩም። የቋንቋ ስህተት ነው የመሰለኝ። ልጆቻችን በእንግሊዝኛ አፓርትመንት ሌላ፣ ግቢ ያለው ቤት ሌላ ነው ብለው ነው የሚያድጉት። በእኛ ቋንቋ ግን ሰው ያደረበት ሁሉ ቤት ነው። ስለዚህ «አንተ የት ነው የምትተኛው?» አልኩት። «አፓርትመንት» አለኝ። «እና አፓርትመንት ቤት አይደለም?» ስለው ትከሻውን ነቀነቀ። ቀይ እስክሪብቶዬን አንስቼ «የለንም» የሚለውን ሰርዤ «አለን» ብዬ ጻፍኩለት። ከዚያም ሰሌዳው ላይ ትምህርት ቤት፣ ምግብ ቤት፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ቤተሰብ እያልኩ ደረደርኩ። ቤተሰብ ማለት የአንድ ቤት ሰዎች ማለት ነው፣ ቤቱን ይግዙት ይከራዩት ቃሉ አይጠይቅም አልኳቸው። ጥሩ አስተማርኩ ብዬ ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

እሁድ ማታ እናቱ ደወለችልኝ። «እህቴ፣ ልጄ ደብተሩ ላይ የጻፈውን አየሁት። መንገድ ላይ ነው እንዴ የምንኖረው? ሰው ቢያየው ምን ይላል?» አለችኝ። ስቄ ያንኑ የሰሌዳውን ትምህርት ነገርኳት። እሷ ግን አልሳቀችም። ትንሽ ዝም ብላ «እኔ ቋንቋው ብቻ አይመስለኝም። ከረቡዕ ጀምሮ እንቅልፍ የለውም። ሌሊት እየተነሣ በሩን ያያል» አለችኝ።

ሰኞ ከሥራ ስወጣ ሄድኩ። የሚኖሩት እዚሁ ኧርቪንግ፣ ከእኔ ብዙም የማይርቅ አፓርትመንት ውስጥ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቡና ቀረበ። ልጁ አጠገባችን ተቀመጠ፤ ምንም አይናገርም። እናቱ የትምህርት ቤት ቦርሳውን እንዲያመጣ አዘዘችውና ደብተሩን ለማሳየት ስትከፍተው ደብተር የለበትም። የራሱ ልብስ፣ አንድ ጥንድ ጫማ፣ ከትምህርት ቤት የተሸለመው ወረቀት፣ እና የትንሽ እህቱ ዳይፐር ነበር የታጨቀበት። እናቱ ዳይፐሩን እያየች «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች። ያኔ ነው ልጁ ማልቀስ የጀመረው። ተነሥቶ ከፍራሹ ሥር አራት ጊዜ የታጠፈ ወረቀት አመጣ።

ወረቀቱ ረቡዕ ዕለት በራቸው ላይ የተለጠፈ ነው። የወሩ ኪራይ እንዳልተከፈለና በሦስት ቀን ውስጥ ቤቱን እንዲለቁ የሚል የመልቀቂያ ማስጠንቀቂያ ነበር። ልጁ ከትምህርት ቤት አውቶቡስ ወርዶ ሲመጣ ያገኘው እሱ ነው። እንግሊዝኛውን ከእኔ አብልጦ ያነባል፤ እያንዳንዱን ቃል ገብቶታል። ሦስተኛው ቀን ቅዳሜ ነበር። እኔ «ቤቴ» ብላችሁ ጻፉ ያልኩበት ቅዳሜ ማለት ነው።

ለእናቱ ነግሯት ነበር እኮ። ግማሹን። «ከኦፊስ የመጣ ነው፣ ስለ ሬንት ነው» አላት። እሷ ደግሞ አባቱ ኪራዩን በስልኩ እንደከፈለ ስለምታውቅ «ተከፍሏል፣ አስቀምጠው» ብላ ወደ ማታ ሥራዋ ሄደች። አባቱ ትራክ ነጂ ነው፤ ያን ሳምንት ከቴክሳስ ውጭ ነበር። የከፈለበት ካርድ ጊዜው አልፎበት ክፍያው ተመልሶ ነበር፤ ማንም ያወቀ የለም። ልጁን «ሁሉንም ለምን አልነገርካትም?» ብዬ ጠየቅኩት። ሁለት ምክንያት ሰጠኝ። አንደኛው «ማሚ ታለቅሳለች» የሚል ነው። ሁለተኛው ግን እኔን ነው ያቃጠለኝ። «ቤት ልቀቁ ማለት በአማርኛ እንዴት እንደሚባል አላውቅም።»

ሁለት ዓመት ያስተማርኩት ልጅ ነው። አንበሳ፣ ዝሆን፣ ቀጭኔ ያውቃል። የኢትዮጵያን ወንዞች በቃሉ ይዘረዝራል። የመጽሐፋችን የ«ቤ» ፊደል ሥዕል የሣር ክዳን ጎጆ ነው፤ እሱንም አሳምሮ ቀለም ቀብቶታል። ውል፣ ኪራይ፣ አከራይ፣ መልቀቅ የሚሉትን ቃላት ግን አንድም ቀን አስተምሬው አላውቅም። ሥራው ደግሞ ይሄው ሆነ፤ ለእናቱ የሚተረጉመው እሱ ነው።

ስለ ራሴም ልናገር። እኔ ያደግኩት አዲስ አበባ፣ ኮተቤ፣ በኪራይ ቤት ነው። ስምንተኛ ክፍል እስክደርስ አራት ጊዜ ዕቃ ጭነናል። አባቴ ከደላላ ጋር ሲዞር ይውላል፣ እናቴ ደግሞ «ስንት ልጅ አላችሁ? እንግዳ ይበዛባችኋል?» ለሚለው የአከራይ ጥያቄ መልስ ታዘጋጃለች። ሰርቪስ ቤት ነበር የምንከራየው። ውኃ መቼ እንደሚቀዳ፣ የውጭ በር በስንት ሰዓት እንደሚዘጋ፣ ልብስ የት እንደሚሰጣ፣ ሁሉም ሕግ ነበረው። የአከራያችን ባለቤት አመሻሽ ላይ መጥተው «ኑሮ እንዲያው ተወደደ» ብለው ከጀመሩ ጭማሪ መምጣቱን ልጆቹ ሁሉ እናውቅ ነበር።

አያቴ ግን የቀበሌ ቤት ነበራቸው። ደርግ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ኪራያቸው በወር ከመቶ ብር በታች የሆነው ቤቶች ወደ ቀበሌ ሄዱ። ጣሪያው ያፈሳል፣ ሽንት ቤቱ የጋራ ነው፤ ግን አያቴ «ልቀቁ» የሚል ሰው ይመጣብኛል ብለው አይሰጉም ነበር። እናቴ አያቴን የምትቀናባቸው በዚህ ብቻ ነበር። አሁን አገር ቤትም ነገሩ እየተለወጠ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል። እናቴ በስልክ ስትነግረኝ «ያኔ በነበረ!» አለች።

ይህን የማነሣው ለምንድን ነው? እኔም በልጅነቴ «ልቀቁ» ሲባል ሰምቻለሁ። ፈርቻለሁ። ግን የሰማሁት በእናቴ ቋንቋ ነው። እሷም የሰማችው ያንኑ ቃል ነው። ማታ አልጋ ላይ «እማዬ፣ የት ልንሄድ ነው?» ስላት «ሌላ ቤት እንፈልጋለን፣ ተኚ» ትለኝና እተኛ ነበር። የእኔ ተማሪ ግን ፍርሃቱን የሰማው በአንድ ቋንቋ ነው፤ የሚያጽናናው ሰው ደግሞ የሚኖረው በሌላ ቋንቋ ነው። መሃል ላይ ብቻውን ቀረ። አምስት ሌሊት።

ማክሰኞ ጠዋት ከእናቱ ጋር ወደ ቢሮው ሄድን። ልጁን ትምህርት ቤት ላክነው፤ ዕረፍት ይውሰድ ብለን አስተርጓሚነቱን ለእኔ ተቀበልኩት። ኪራዩንና የመዘግየት ቅጣቱን በመኒ ኦርደር ከፈለች፣ ደረሰኝ ተቀበለች፣ ሒሳቡ መዘጋቱን በኢሜይል እንዲጽፉልን ጠየቅን፤ ጻፉልን። ደግነቱ ጉዳዩ ገና ወደ ፍርድ ቤት አልሄደም ነበር። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ስንወጣ እናቱ መኪናው ውስጥ ተቀምጣ ለረጅም ጊዜ መኪናውን አላስነሣችውም።

እኔ ላስታርቅ የሄድኩ አስተማሪ መሰልኩ እንጂ ከእሷ የተሻልኩ አልነበርኩም። እ.ኤ.አ. በ2014 በዲቪ ስመጣ ባለቤቴ ዲኤፍደብሊው ኤርፖርት ሥራ ስላገኘ ኤርፖርቱ ሥር ያለችው ኧርቪንግ መጣን። የመጀመሪያው አፓርትመንታችን ሀይዌይ 183 ዳር ነበር። ውሉ ብዙ ገጽ ነው፤ በአሥር ደቂቃ ፈርሜ ጨረስኩት። «እዚህ ጋ ይንኩ፣ እዚህ ጋ ይንኩ» ትለኛለች፣ እኔ እነካለሁ። ስንለቅ ደግሞ በአፌ ነግሬ፣ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ፣ «ቸር ሰንብቱ» ብዬ ወጣሁ። አዲሱን አድራሻዬን በጽሑፍ አልሰጠሁም። ውሉ ከምንለቅበት ቀን 60 ቀን አስቀድመን በጽሑፍ እንድናሳውቅ ያዝ ነበር፤ አላነበብኩትማ። ማስያዣው ሳይመለስልኝ ቀረ፤ ከወራት በኋላ ጭራሽ ዕዳ አለብሽ የሚል ደብዳቤ መጣ። የማንም ጥፋት ነው አልልም፤ የፈረምኩትን አለማንበቤ ነው።

አሁን የምንኖረው በድሮው መሃል ከተማ፣ ከሜይን ስትሪት ጥቂት እልፍ ብሎ ነው። ባቡሩ ሲያልፍ የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጣል። ቤቱ አሮጌ ነው፤ ሰፈሩን ግን ወድጄዋለሁ። ላስ ኮሊናስን የሚያውቅ ሰው ኧርቪንግ ማለት የመስታወት ሕንፃና ውኃ ውስጥ የሚሮጡት የነሐስ ፈረሶች ይመስሉታል። እነዚያን ዘጠኝ ፈረሶች የሠራው ሮበርት ግሌን ኬንያ የተወለደ ሰው መሆኑን ልጆቹ ሲሰሙ ደስ አላቸው፤ «ጎረቤታችን!» አለች አንዷ። የከተማዋ መነሻ ግን ደቡብ በኩል፣ የእኛ ሰፈር ነው። ጄ. ኦ. ሹልዝና ኦቲስ ብራውን የሚባሉ ሁለት ሰዎች የባቡር ሐዲድ ሊዘረጋ መሆኑን አይተው መሬት ገዙ፤ እ.ኤ.አ. በ1903 ከተማዋን ቆርቁረው ቦታውን ቆራርሰው ሸጡት። ዛሬ ከዳላስ ወደ ፎርት ወርዝ የሚሄደው ቲአርኢ ባቡር በዚያው በድሮው የሮክ አይላንድ ሐዲድ ላይ ነው የሚሄደው፤ ሄሪቴጅ ክሮሲንግ ጣቢያ የሚባለውም እዚያው ነው። ስሟም ከደራሲው ከዋሽንግተን ኧርቪንግ የመጣ ነው፤ የብራውን ባለቤት መጻሕፍቱን ትወድ ነበር ይባላል። እሱ ከጻፋቸው አንዱ ሃያ ዓመት ተኝቶ ሲነቃ አገሩ ተለውጦ ስለሚያገኘው ስለ ሪፕ ቫን ዊንክል የሚያወራው ነው።

ይህን ተረት ለልጆቹ ስነግራቸው ስለ ራሴ የማወራ መሰለኝ። እዚህ ሰፈር ከገባን አምስት ዓመት አልፎናል። ሳሎን ጥግ ላይ ግን ያልተከፈቱ ሦስት ካርቶኖች ነበሩ። ውስጣቸው የሠርጋችን ፎቶ፣ የእናቴ ሰፌድ፣ ከአገር ቤት ያመጣሁት ጀበና አለ። ባለቤቴ «ለምን አትከፍቻቸውም?» ሲለኝ «ቤት ስንገዛ» እለዋለሁ። ልጄ ግድግዳው ላይ ሥዕሏን ልትሰቅል ስትል «ቤት ስንገዛ»። ልደቷን እዚህ እናክብር ስትል «ቤት ስንገዛ»። የተማሪዬ እናትም ስታወራ ይህችኑ ቃል ደጋግማ አነሣቻት፤ ተያየንና ዝም አልን። እንግዲህ ልጆቻችን «እኛ ቤት የለንም» ቢሉ ማን አስተማራቸው? ቀይ እስክሪብቶው የሚገባው ለእኛ ነበር።

ቤት መግዛት መልካም ነው፤ ለሚገዛ ሁሉ እግዚአብሔር ይርዳው። ነገር ግን በኧርቪንግ ከሚኖሩት ቤተሰቦች ከግማሽ በላይ ተከራዮች ናቸው። ብዙዎቻችን ልጆቻችን ፊደል ቆጥረው፣ ጥርሳቸውን ነቅለው፣ ብስክሌት ለምደው የሚያድጉት በኪራይ ቤት ነው። ልጅነት «ቤት ስንገዛ» ብሎ አይጠብቅም።

ከመሃል ከተማው ወደ ምዕራብ በመኪና ጥቂት ደቂቃ ሄዳችሁ ዌስት ፊፍዝ ስትሪት ላይ አንዲት ትንሽ ቤት አለች፤ የሩት ፔይን ቤት ትባላለች። ከተማው እ.ኤ.አ. በ2009 ገዝቷት በ2013 ሙዚየም አድርጓታል። ታሪኳ የሚወራው በኬኔዲ ግድያ ነው፤ ሊ ሃርቪ ኦስዋልድ ከግድያው በፊት ያለችውን ሌሊት ያደረው እዚያ ነበር። እኔ ስጎበኛት ግን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። የኦስዋልድ ሚስት ማሪና ከሶቪየት ኅብረት የመጣች፣ እንግሊዝኛ የማትችል፣ ሕፃናት የያዘች ወጣት ነበረች። ሩት ሩሲያኛ እየተማረች ስለነበር ማሪናን ያለ ኪራይ አስጠጋቻት፤ ከእሷ ጋር ቋንቋውን መለማመድ ፈልጋ ነበር። ኪራዩ ቋንቋ ነበር ማለት ይቻላል። ያቺ የኅዳር ቀን፣ ኖቬምበር 22፣ 1963 ስትመጣ ደግሞ ሁለቱ ሴቶች ቴሌቪዥን ፊት ነበሩ፤ ሩት ዜናውን እየሰማች ለማሪና በሩሲያኛ ትተረጉምላት ነበር። ክፉ ወሬን ለሌላ ሰው በቋንቋው መንገር ከባድ ሥራ ነው። ሩት ትልቅ ሰው ነበረች። የእኔ ተማሪ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።

ስለዚህ ወላጆች፣ ከዚህ ነገር የተማርኩትን ላካፍላችሁ። የሕግ ባለሙያ አይደለሁም፤ እንደ ተከራይ የማውቀውን ነው። ዝርዝሩን ከራሳችሁ ውል ጋር አመሳክሩት።

አንደኛ፣ በር ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ከባድ ነገር ነው፤ ችላ አይባልም። ግን ያ ወረቀት ብቻውን ማንንም ከቤት አያስወጣም። በቴክሳስ አከራይ ተከራይን ለማስለቀቅ ከማስጠንቀቂያው በኋላ ፍርድ ቤት ከስሶ መፈረድ አለበት። በሦስተኛው ቀን ፖሊስ መጥቶ ዕቃ አይጥልም። ይህን ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። የፍርድ ቤት መጥሪያ ከመጣ ግን በቀጠሮው ቀን ሳይቀሩ መገኘት ነው፤ የቀረ ይፈረድበታል። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች ሊጋል ኤይድ ኦፍ ኖርዝዌስት ቴክሳስ በነፃ የሕግ እርዳታ ይሰጣል፤ 211 ብላችሁ ብትደውሉም ወደሚረዳችሁ ድርጅት ይመሯችኋል።

ሁለተኛ፣ ኪራይ በስልክ ከከፈላችሁ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ከባንክ መውጣቱን አረጋግጡ። በሕጉ የመዘግየት ቅጣት የሚጀምረው ከመክፈያው ቀን በኋላ ሁለት ሙሉ ቀን ካለፈ ነው፤ ከዚያ ግን ይቆጥራል።

ሦስተኛ፣ የሚበላሽ ነገር ሲኖር በጽሑፍ አሳውቁ፤ ቀኑን ያዙ፤ ፎቶ አንሡ። ለጤና ወይም ለደኅንነት የሚያሰጋ ብልሽት ከሆነ ሕጉ አብዛኛውን ጊዜ ሰባት ቀንን ተገቢ የጥገና ጊዜ አድርጎ ይወስዳል። ተናድዶ «ካልጠገናችሁ ኪራይ አልከፍልም» ማለት ግን ራስን መጉዳት ነው። ሕጉ የሚጠብቀው ኪራዩን የከፈለውን ነው።

አራተኛ፣ ስትገቡም ስትወጡም እያንዳንዱን ክፍል በስልካችሁ ቅረጹ። ከመልቀቃችሁ በፊት ስንት ቀን ማሳወቅ እንዳለባችሁ ከውሉ ላይ ፈልጉ፤ በጽሑፍ አሳውቁ። አዲሱን አድራሻችሁንም በጽሑፍ ስጡ። ከለቀቃችሁ በኋላ አከራዩ ማስያዣውን ወይም የቀነሰበትን ዝርዝር በ30 ቀን ውስጥ መላክ አለበት። በኑሮ ብዛት ለሚመጣ ማርጀት፣ ለምሳሌ ለደበዘዘ ቀለም፣ መቁረጥ አይችልም። ይህቺን በገንዘቤ ነው የተማርኳት።

አምስተኛው ለእኔም ለእናንተም ነው። ልጃችሁን ብቻውን አታስተርጉሙት። አውቃለሁ፣ ቀላል አይደለም፤ አንዳንዴ እሱ ብቻ ነው ያለው። ቢያንስ ካነበበ በኋላ «ሁሉንም ነገርከኝ? ያስፈራህ ነገር አለ?» ብላችሁ ጠይቁት። ወረቀቱን ፎቶ አንሥታችሁ ለአስተማሪዎቹ ላኩልን፤ ማታም ቢሆን እናነብላችኋለን። ይህን ከባልደረቦቼ ጋር ተማክረን ነው የምለው።

አሁን ወደ ፊደሉ። የክፍላችንን የቃላት ዝርዝር አሻሽለነዋል። አንበሳውም ዝሆኑም አሉ፤ አልተባረሩም። የተጨመሩት እነዚህ ናቸው፦ ኪራይ፣ አከራይ፣ ተከራይ፣ ውል፣ ፊርማ፣ ማስያዣ፣ ደረሰኝ፣ ጭማሪ፣ ማደስ፣ መልቀቅ፣ ማስጠንቀቂያ፣ ጥገና፣ ጎረቤት። «ማስጠንቀቂያ» ለአንደበታቸው ከባድ ነው፤ «ጠ»ና «ቀ» ተከታትለው ሲመጡ ይቸገራሉ። እንዲደጋግሙት አድርጉ። ፊደል ስናስቆጥር ግእዝ ቤት፣ ካዕብ ቤት፣ ሣልስ ቤት የምንለውን ታስታውሳላችሁ አይደል? ለልጆቹ ስነግራቸው «ፊደሎቹም ቤት አላቸው ማለት ነው?» አለኝ ያው ልጅ። «አዎ፤ እያንዳንዱ በየቤቱ ነው» አልኩት።

የዚህ ወር የቤት ሥራ ለልጆች ብቻ አይደለም። አንድ ማታ ውላችሁን አውጡ። ከልጃችሁ ጋር አጠገብ ለአጠገብ ተቀመጡ። እሱ ቃሉን በእንግሊዝኛ ያንብብ፣ እናንተ በአማርኛ ንገሩት። አንድ ገጽ ይበቃል። የማታውቁት ቃል ከመጣ ሁለታችሁም ጻፉትና ቅዳሜ ይዛችሁት ኑ። ቤት የገዛችሁ ወላጆችም የባንኩን ወረቀት ይዛችሁ ሞክሩት፤ ከባንክ የመጣ ደብዳቤም በልጅ አፍ ነው የሚተረጎመው።

በነገራችን ላይ ካርቶኖቹን ከፍቻቸዋለሁ። ሰፌዱ ግድግዳ ላይ ነው፤ ከሥሩ የልጄ ሥዕል አለ። ምስማር መምታት ይፈቀድ እንደሆነ ውሉን አነበብኩ፤ ትንንሽ ቀዳዳ ይፈቀዳል።

ከሦስት ሳምንት በኋላ «ቤቴ» የሚለውን ርእስ ለተማሪዬ እንደገና ሰጠሁት። አሁን አምስቱንም ጻፈ። እናቱ ፈቅዳ እንዳለ ገልብጬዋለሁ፤ ያረምኩት አንዲት ፊደል ብቻ ነው።

«ቤታችን ኧርቪንግ ነው። ሁለተኛ ፎቅ ነው። ኪራይ እንከፍላለን። እህቴ በሩን ትመታለች። ውላችን ማርች ላይ ይታደሳል።»

ቅዳሜ እንገናኝ። ቸር ይግጠመን።